የአባቴ የዓይን ግፊት 18 ነው፤ ታዲያ ስለምን ግላኮማ ተባለ?

የሐይቋ ልጅ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከሐይቅ ነው። ነገሩ ስለ አባቴ ነውና ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ገበሬ ነው፤ እርሻውንም ከብቱንም ገበያውንም ያለ ረዳት ሲመራ የኖረ ሰው ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን እናቴ አንድ ነገር ታዘበች። ቡና ተቀድቶ ሲሰጠው እጁ ሲኒውን ይስትና ረከቦቱን ይነካል። በግራው በኩል የተቀመጠ ጀበና ሳያየው በክርኑ ገፍቶ ሁለት ጊዜ ሰብሯል። መስከረም ላይ ሐይቅ ከተማ ከግራው የመጣ ባጃጅ ሊገጨው ሲል ሰዎች ጎትተው አወጡት። እርሱ ግን «ከየት መጣ?» ብሎ ቆሞ ቀረ። የሚገርመው ከሩቅ ተራራ ላይ የእኛን ፍየል ከሰው ፍየል ይለያል፤ የስልኩንም ቁጥር ያነባል። ስለዚህ ዓይኑ ነው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ እርጅና ነው፣ ሐሳብ ነው አልን።

መጀመሪያ የወሰድነው አንድ ክሊኒክ ግፊቱን ለካና ቀኝ 17፣ ግራ 18 ብሎ ጻፈ። «ደህና ነው» ተብሎ የንባብ መነጽር ታዘዘለት። በሁለተኛው ሳምንት ደሴ ያለ ዘመዳችን ወደ ሌላ የዓይን ሕክምና ወሰደው። እዚያ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምረው ውስጡን በመብራት ሲያዩት ቆዩና «ግላኮማ ነው፤ የግራው ነርቭ ብዙ ተጎድቷል» አሉ። ወረቀቱ ላይ «ቀኝ 0.6፣ ግራ 0.9» ይላል። ቲሞሎል የሚባል ጠብታ ጠዋትና ማታ ታዘዘለት፤ ለእይታ ስፋት ምርመራም ተቀጠረ።

አባቴ «ምንም ሳያመኝ የምን መድኃኒት ነው?» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ሁለተኞቹ ገንዘብ ፈልገው ነው ባይ ነው። ግፊቱ ደህና ከሆነ በሽታው ከየት መጣ? ማንን እንመን? አባቴ ሰሞኑን ብርዱ ስለገባ ደረቱን እያፈነው እንቅልፍም አጥቷል፤ በዚህ ላይ ደሴ እየመላለስኩ ላስቸግረው አልፈልግም።

ወረኢሉ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3:15

እህቴ፣ አላህ አባታችንን ያሽርልን። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ጎረቤታችን ልክ እንደዚህ ነበር የጀመረው። ፊት ለፊት ያየውን ይለያል፣ በር ሲገባ ግን ትከሻው መቃኑን ይመታ ነበር። ችላ አትበሉት።

የዓይን ባለሙያ፣ ደሴ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:50

የሐይቋ ልጅ፣ በጥሩ ሰዓት ነው የጠየቅሽው። ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፤ የምነግርሽን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ።

18 ብቻውን አይፈርድም። ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ጤናማ የሚባለው የብዙ ሰዎች ግፊት በዚያ መካከል ስለሚገኝ ነው። በሽታው ከ21 ወዲያ የሚጀምር፣ ከ21 ወዲህ የማይደርስ አይደለም። ግላኮማ የነርቭ በሽታ ነው። ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ክር በክር እየሞተ ሲሄድ ነው ግላኮማ የሚባለው። ግፊት ዋናው ገፊ ነው፤ በመድኃኒትም በቀዶ ጥገናም ልንቀንሰው የምንችለውም እርሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁላችንም «የዓይን ግፊት» እያልን እንጠራዋለን። ስሙ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። አንዱ ግፊቱ 24 ሆኖ ነርቩ ዕድሜ ልኩን ሳይነካ ይኖራል፤ ሌላው በ16 ነርቩ ያልቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለ። 0.6 እና 0.9 የተባሉት የጎድጓዳው ስፋት ከጠቅላላው ክብ አንጻር ሲለካ ነው። በብዙ ሰው 0.3 ወይም 0.4 ይሆናል። ክቡ በተፈጥሮው ሰፊ የሆነ ሰው 0.6 ኖሮትም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። 0.9 ግን ከጠርዙ ቀጭን ቀለበት ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከ0.2 የሚበልጥ ልዩነት ሲኖር ደግሞ ያስጠረጥራል፤ የአባትሽ 0.3 ነው። በግራው በኩል ጀበናውንና ባጃጁን አለማየታቸው ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ፍየሏን መለየታቸውም አያስገርምም፤ ይህ በሽታ ዳርዳሩን በልቶ መሐሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሳያም የሚገድል ዓይነት ነው፤ ሰው ዘግይቶ የሚመጣውም ስለማያመው ነው።

18 ለምን ሊያታልል እንደሚችልም ልንገርሽ። ግፊት በቀንና በሌሊት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሰዓት 18 የነበረው ጎሕ ሲቀድ 25 ሊሆን ይችላል። በሀገራችን ብዙ የምናየው አንድ ዓይነት ግላኮማ አለ፤ በዓይን ሌንስ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ የሚሠራው። የእርሱ ግፊት ከሌላው ይበልጥ ይዋዥቃል። ሌላው የኮርኒያ፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ውፍረት ነው። መለኪያው ኮርኒያን ተጭኖ ነው የሚለካው። ኮርኒያው ከተለመደው፣ ማለትም ከ540 ማይክሮ ሜትር ገደማ፣ ከሳሳ መሣሪያው ከእውነተኛው ግፊት ያነሰ ቁጥር ያሳያል።

ስለዚህ ሁለቱም ክሊኒኮች የለኩት ትክክል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ግፊት ለክቶ ቆመ፤ ሁለተኛው ነርቩን አየ። ግላኮማ ነው ወይም አይደለም ለማለት አራት ነገር መታየት አለበት፤ ግፊቱ፣ ነርቩ፣ የእይታው ስፋትና የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ጥግ። ጥጉ የሚታየው በጎኒዮስኮፒ ነው፤ ዓይንን በጠብታ አደንዝዞ መስታወት ያለበት ሌንስ ይደረግበታል፤ አያምም። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው። ጥጉ ክፍት ከሆነ አንድ መንገድ፣ ከተዘጋ ሌላ መንገድ ነው ሕክምናው። አባትሽ ይህ ተደርጎላቸው እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልተደረገም እንዲደረግላቸው ጠይቂ፤ መብታቸው ነው።

ቃሉ — ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1:20

ባለሙያው ያሉት ጥሩ ነው። እኔ ግን የማውቀውን ልናገር። አጎቴ ግላኮማ ተብሎ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሲገባ በመጠኑም ቢሆን ያይ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላ ያ ዓይን ጠፋ። በሰፈራችን ከዚያ ወዲህ ለዓይን ቢላዋ የሚፈቅድ የለም። እህቴ፣ ቀዶ ጥገና ቢሏችሁ አስቡበት።

መድኃኒት ቤት — ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 2:05

የሐይቋ ልጅ፣ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ይቆየንና አንድ ነገር ቶሎ መልሺልኝ። «ብርዱ ስለገባ ደረቱን እያፈነው» ብለሻል። አባትሽ አስም አለባቸው? ማፈኑ የባሰው ቲሞሎሉን ከጀመሩ ወዲህ ነው?

ይህን የምጠይቀው ቲሞሎል ለአስም ሰው የማይሰጥ መድኃኒት ስለሆነ ነው። ዓይን ላይ የወደቀ ጠብታ ዓይን ላይ ብቻ አይቀርም፤ በእንባው ቦይ ወደ አፍንጫ ይወርድና በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። የአየር ቧንቧን ያጠባል፤ የልብ ምትንም ያዘገያል። አስም፣ የቆየ የሳንባ በሽታ፣ በጣም የዘገየ የልብ ምት ወይም የልብ ምት ማስተላለፊያ መስመር መዘጋት ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም። ሐኪም ሲጠይቅ «ሌላ በሽታ የለብኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የዓይን ሐኪም ለደረት ምን አግብቶት ነው ብለው ያስባሉ። እርሱም ቢሆን ስለ አስምና ስለ ልብ ለይቶ መጠየቅ ነበረበት።

የሐይቋ ልጅ — ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3:30

አዎ፣ አስም አለበት። ብዙ ዓመቱ ነው፤ የሚነፋ መድኃኒትም አለው። ጠብታውን የጀመረው ከ9 ቀን በፊት ነው። ማፈኑ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነው የባሰው። እኛ ብርዱ ነው ብለን። ልቤ ደነገጠ። አሁን ምን ላድርግ?

መድኃኒት ቤት — ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3:38

አብሽሪ፤ መፍትሔ አለው። የዛሬውን ቲሞሎል አትጨምሩ፤ ጠርሙሱን ግን አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። የሚነፋውን እንደታዘዘለት ይውሰድ። አሁን ትንፋሹ አጥሮ ቁና ቁና የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይም ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ከተቸገረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ደህና ከሆነም ያዘዘው ሐኪም ዘንድ ነገ ሂዱና «አስም አለበት» በሉ። በምትኩ ሌላ ይታዘዝለታል።

ምትኩ በብዛት ላታኖፕሮስት ነው። በቀን አንድ ጊዜ ማታ ነው የሚጨመረው፤ ግፊትን ከ25 እስከ 33 በመቶ ይቀንሳል፤ የቲሞሎል ከ20 እስከ 25 በመቶ አካባቢ ነው። ሁለት ጊዜ ብጨምር ይበልጥ ይሠራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ይልቁንስ ኃይሉ ይቀንሳል። ሽፋሽፍትን ያረዝማል፣ ዓይንን ያቀላል፤ አትደንግጡ። ያልተከፈተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ቢተርፍም ይጣላል። የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።

ሐርቡ — ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 6:10

እንደ እኛ ቆላ ያለ ሰውስ? ማቀዝቀዣ የለንም፤ ከቀትር በኋላ ቤቱ እንደ ምድጃ ነው።

መድኃኒት ቤት — ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 7:00

የተከፈተውን ጠርሙስ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ ውሃ የሌለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ፣ ማሰሮውን በረጠበ ጨርቅ ሸፍኖ ጥላ ቦታ ማኖር ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች በዚሁ መንገድ ነው የሚያቆዩት። በመስኮት ደፍ፣ በኪስ፣ በመኪና ውስጥ ግን አይሆንም። ያልተከፈተውን ደግሞ ቤት ከምታከማቹት መድኃኒት ቤት ይቆይላችሁ፤ አንድ በአንድ ውሰዱ።

የኩታበሩ መምህር — ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 1:30

እኔ ራሴ በሽተኛው ነኝ። ጠብታ ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው። ስለ ታላቅ ወንድሜ ልንገራችሁ፤ እርሱ ያጣውን ሌላ ሰው እንዳያጣ ነው።

ወንድሜ የግራ ዓይኑ መድከም ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ «ሞራ ነው፤ እስኪበስል ይጠብቅ» አለው። ሞራ ለዘመናት እንደዚያ ሲባል ነው የኖረው፤ ሲበስል ይወጣል። እርሱም ሦስት ዓመት ጠበቀ። ሲበስል ይወጣል ያለው ነገር ግላኮማ ነበር። ሐኪም ዘንድ በደረሰ ጊዜ ግራው ብርሃንን እንኳን አይለይም ነበር፤ ቀኙ ደግሞ በሸምበቆ ውስጥ አሾልኮ እንደሚያይ ሰው ሆኖ ነበር። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከሀገራችን ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ትራኮማ፣ 5.2 በመቶውን ግላኮማ ነበር። ግላኮማ ቁጥሩ አነስ ብሎ ይታያል። ግን ሞራ የጋረደው በአንድ ጠዋት ሥራ ይመለሳል፤ ግላኮማ የወሰደው አይመለስም። ሁለቱን በቤት ውስጥ ሆኖ መለየት አይቻልም፤ «ይብሰል» የሚለው ቃል ከአፋችን ይውጣ።

እኔ የተገኘሁት በእርሱ ምክንያት ነው። ሐኪሙ «ወንድምና እህት፣ ልጅም ካለህ አምጣ» አለው። እኔ ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ስታይ ግን ነርቤ ተጎድቷል ተባልኩ። ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ የልጆቹንም ደብተር የማርመው በዚያች ቀን ምክንያት ነው።

የሐይቋ ልጅ፣ አባትሽ ስለ ጠብታው ይሰሙኝ እንደሆነ፣ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ከእራት በኋላ እጄን ታጥቤ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ፤ ቆሞ መጨመር እጅ ያንቀጠቅጣል። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ትንሽ ኪስ ይሠራል፤ አንዲት ጠብታ እዚያ ኪስ ውስጥ ትወድቃለች። የጠርሙሱ አፍ ዓይኔን ወይም ሽፋሽፍቴን አይነካም። ከዚያ ዓይኔን ቀስ ብዬ ከድኜ፣ በአፍንጫዬ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በአመልካች ጣቴ ጫን አድርጌ እይዛለሁ። ሰዓት ስለማላይ አቡነ ዘበሰማያትን አራት ጊዜ እደግማለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ጣቴ እዚያ ያለው መድኃኒቱ ወደ አፍንጫ እንዳይወርድ ነው። ጠብታው ሁለት ዓይነት ከሆነ በመካከሉ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠበቃል፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጠብታ አፈስ ነበር፤ የአንድ ወር መድኃኒት በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ የሚጠቅመው ግን አንዷ ናት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ ቀጠልኩ ብል ውሸት ይሆናል። በመንገድ መዘጋት ምክንያት መድኃኒት ያጣሁባቸው ወራት ነበሩ። ያኔ የጠፋው የቀኝ ዓይኔ ዳር አልተመለሰም።

የሁለት ልጆች እናት — ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 4:00

እኔም አንድ ነገር ልጨምር። የሰባት ዓመት ልጄ ዓይኑን ያሳክከው ነበር፤ በበጋ አቧራ ሲነሣ ቀልቶ ያብጣል። አንድ ጊዜ የታዘዘለት ጠብታ አሻለውና ከዚያ በኋላ ሲያሳክከው ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ከአንድ ዓመት በላይ ጨመርኩለት። ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ነበር። ትምህርት ቤት ሰሌዳው አልታይ ሲለው ወሰድኩት፤ ግፊቱ 38 ነበር። ያ ጠብታ ራሱ ነው ግፊቱን ያወጣው ተባልኩ። ማሳከኩን ላስቆምለት ብዬ ነበር። እናቶች፣ ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ክትትል አትጨምሩ፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም ለባለሙያ አሳዩ።

የዓይን ባለሙያ፣ ደሴ — ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3:20

እናቲቱ የጻፈችውን ሁሉም ያንብብ። የሚያሳክክ ዓይን ያላቸው ልጆች በየሳምንቱ ይመጡልናል፤ ከእነርሱም በዚህ ምክንያት የተጎዱ አሉ።

አሁን ለቃሉ ልመልስ፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነውና። ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለው ቀዶ ጥገና በላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፍታል፤ ቦዩ ሲደፈን ለመስኖው ሌላ ቦይ እንደ መቅደድ ነው። ዓላማው ያለውን ማቆየት ነው፤ ያለቀ ነርቭ አይመልስም። ይህ አስቀድሞ በግልጽ ካልተነገረ ሰው እንደ ሞራ ቀዶ ጥገና ብርሃን ይጠብቃል፤ ሳይመጣ ሲቀር ወይም በሽታው ሲቀጥል «ቢላዋው አጠፋው» ይባላል። አደጋ የለውም አልልም። ግፊቱ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል፣ ሞራ ሊያፋጥን ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ እንኳን በአዲሱ መውጫ በኩል ምርቀዛ ሊገባ ይችላል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ዓይነ አር ካበዛ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የአጎትህን ጉዳይ ስላላየሁት አልፈርድም። ነርቡ ከመጀመሪያውም ጫፍ ላይ ደርሶ ከነበረ ግን ያለ ቀዶ ጥገናም ያው ይሆን ነበር።

ከዚህ ቀደም ልማዱ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፣ ሦስተኛ ጠብታ፣ በመጨረሻ ቢላዋ ነበር። አሁን እየተቀየረ ነው። በእንግሊዝ ሀገር በተደረገ ጥናት ሕመማቸው ከፍ ብሎ የመጡ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገናና ጠብታ ተብለው ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ከ2 ዓመት በኋላ የቀዶ ጥገናዎቹ ግፊት በአማካይ 12.4፣ የጠብታዎቹ 15.1 ሆነ። ጥናቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። የሀገሪቱ መመሪያም ነርቡ ክፉኛ ተጎድቶ ለመጣ ሰው ቀዶ ጥገና ቅድሚያ ይቅረብለት ይላል። እኛ ጋ ደግሞ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከተንታ ወይም ከወግዲ በየወሩ ለጠብታ የሚመላለስ ገበሬ በስድስተኛው ወር ይቀራል። እኔ በግሌ የግራው 0.9 የደረሰ ሰው፣ መንገዱም ሩቅ ከሆነ፣ ከጅምሩ ስለ ቀዶ ጥገና ሊነገረው ይገባል ባይ ነኝ።

ሌዘርም አለ። ጥጉ ክፍት ለሆነ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ መቁረጥ የለውም። በኪሊማንጃሮ፣ ታንዛኒያ፣ 201 ሰዎች ላይ ከቲሞሎል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ዓመት በኋላ ሌዘር ከተደረገላቸው ዓይኖች 61 በመቶው፣ ቲሞሎል ከተጨመረላቸው 31 በመቶው ነው የተፈለገው ግፊት ላይ የተገኘው። ልዩነቱ ብዙው ከጠብታው ድካም ሳይሆን ከሰዉ መቋረጥ ይመስለኛል። መሣሪያው በየቦታው የለም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ ሊደገም ይችላል።

ስለ መቋረጥ ካነሣን፣ ግፊት በ1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በሽታው የመቀጠል ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ ነው 18ን «ደህና ነው» ብለን የማንተወው። ነርቡ በ18 እየሞተ ከሆነ ለዚያ ሰው 18 ብዙ ነው። ቢያንስ በሩብ መቀነስ አለበት፤ ነርቡ ክፉኛ ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም በታች።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ይህ ሁሉ የማያመው ዓይነት ነው። የሚያመውም አለ፤ ጥጉ በድንገት ሲዘጋ ዓይን ይቀላል፣ ራስን ይፈልጣል፣ ያስመልሳል፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል። ጨጓራ ወይም ማይግሬን ነው ተብሎ ማደር የለበትም። በዚያች ሌሊት ነው ዓይን የሚጠፋው።

ወረኢሉ — ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 2:00

እናመሰግናለን። ረመዳን ሲመጣ ጠብታው እንዴት ይሆናል? እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ ጎረቤታችን ደግሞ ክርስቲያን ነች፤ እርሷ ጠበል ትጠጣለች፤ ከጠብታው ጋር ይጋጫል?

የዓይን ባለሙያ፣ ደሴ — ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 7:15

ብዙ ዑለማዎች የዓይን ጠብታ ጾም አያስፈታም ይላሉ፤ ልብህ ካልረጋ የሰፈርህን ሼህ ጠይቅ። ሆኖም ሰዓቱን ማስማማት ቀላል ነው፤ የማታው ከኢፍጣር በኋላ፣ በቀን ሁለቴ የሚጨመረው ደግሞ ከሱሑር በፊትና ከኢፍጣር በኋላ። ጠብታውን ለወሩ ማቆም ግን አይሆንም።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ነገር አለ። አንድ ሊትር ያህል ውሃ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጠጣት የዓይን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ሐኪሞች ይህንኑ እንደ መመርመሪያ የሚጠቀሙበት ጊዜም አለ። ኢፍጣር ላይ በአንድ ትንፋሽ ከመጠጣት ቀስ እያሉ፤ ጠበሉንም በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጠጣት ከፋፍሎ። እናትህ ጸሎቷንም ጠበሏንም ትያዝ፤ ጠብታዋንም አትተው። ጠበሉ ጠርሙሱ ውስጥ አይቀላቀል።

የሐይቋ ልጅ — ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 2:10

ብዙ ቆየሁ፤ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

በማግስቱ ሄድን። አስሙን ስነግራቸው ሐኪሟ ቲሞሎሉን ወዲያው አስቆመች፤ ላታኖፕሮስት ታዘዘለት። በአራተኛው ቀን አባቴ ሌሊቱን ተኝቶ አደረ። ኮርኒያው ሲለካ ሳስቶ ተገኘ። ጠዋት በማለዳ የለኩት ግፊት በግራ 25 ነበር፤ ያ 18 ያለው ዓይን። ጥጉ ክፍት ነው ተባለ።

የእይታ ስፋቱን ምርመራ አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። አንድ ዓይኑን ሸፍነው አገጩን ነጭ ሳሕን በመሰለ መሣሪያ ላይ አስደገፉት፤ በእጁ ቁልፍ ያዘ። «መሐሉን ብቻ እያየህ ብልጭ ሲል ተጫን» አሉት። በቀኙ ይጫናል፣ ይጫናል። በግራው ሲደርስ ጸጥ አለ። እኔ ከጎን ሆኜ ብልጭታዎቹን አያለሁ፤ እርሱ እጁን አያንቀሳቅስም። «ጀመራችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ወረቀቱ ሲወጣ የግራው ከመሐል ትንሽ ነጭ ቀርቶ ዙሪያው ጥቁር ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ስታሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ጀበናው ያለው እዚህ ጋ ነበር» ብሎ ጥቁሩን በጣቱ ነካው። ከዚያ ቀን ወዲህ «አያመኝም» ብሎ አያውቅም። ጠብታውን እናቴ ናት የምትጨምርለት፤ መምህሩ እንዳሉት ተኝቶ፣ ጥጉን ይዞ። እርሱ ሱረቱል ፋቲሃን ይደግማል።

ለግራው ቀዶ ጥገና ተነግሮናል። ቃሉ የጻፉትን አንብቤለታለሁ፤ ባለሙያው የመለሱትንም። «ያለችኝን ያቆይልኝ፤ ሌላ አልጠየቅሁም» አለ። ቀጠሮው ታኅሣሥ 3 ነው።

አጎቴ 51 ዓመቱ ነው፤ አብሮን ሄዶ ታየ፤ በሁለቱም ዓይኑ ጀምሮታል፤ ምንም አልተሰማውም ነበር። እኔ ለጊዜው ደህና ነኝ፣ በየዓመቱ ተመልሼ እታያለሁ። ወንድሜ ገና አልሄደም፤ ሥራ በዛብኝ ይላል። ነገ ደሴ ስለሚሄድ እኔም አብሬው እወጣለሁ፤ የካርዱን ገንዘብ ከወዲሁ ይዤለታለሁ።

የኩታበሩ መምህር — ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3:05

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይጨምሩለታልና ሲመለስ ብርሃን ያስቸግረዋል፤ ባርኔጣ ያዢለት። ሞተር ብስክሌት አይንዳ።